ጋሪ መንዳት የሚማረው ልጅ

በአገራችን «መንዳት» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ አለበት። ከብት ይነዳል፤ አህያ ይነዳል፤ ጋሪ ይነዳል፤ መኪናም ይነዳል። የገጠር ልጅ እግሩ እንደ ጠና ጥጃ መንዳት ይጀምራል። ቀጥሎ በግና ፍየል፣ ከዚያም በሬ ይነዳል። ሜዳማ በሆነው አገር፣ በተለይም በስምጥ ሸለቆው በኩል፣ ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ የአህያ ጋሪ ይዞ ውኃ ይቀዳል፤ እህል ወደ ወፍጮ ያደርሳል። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምረውም። አባቱን እያየ፣ ጓደኞቹን እየተከተለ ይለምደዋል።

አንዳንድ ልጅ ግን በማየት ብቻ አይለምድም። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ዓይነቱ ልጅ ነው።

አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለኝ። ሲጠሩት አይዞርም። የሰው ዓይን አያይም። የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም እኛ ያልነውን መልሶ ይለዋል። የጋሪ ጎማ ሲዞር ካየ ግን ቀኑን ሙሉ ከዚያ አይነሣም። አህያዋም ብትሆን ከእርሱ እጅ እንጂ ከሌላ ሰው እጅ አትበላም። ታዲያ ጋሪውን ላስነዳው ወይስ ልተወው? ባስነዳው መኪና ይገጭብኛል ብዬ እፈራለሁ። ብተወው ደግሞ እኔ ስሞት ምን በልቶ ያድራል?»

ልጁን በከተማ ሐኪም ቤት ያዩት ሐኪሞች ኦቲዝም አለበት ብለዋል። እኛም ከአባትየው ጋር ሆነን ነገሩን አንድ ዓመት ያህል ተከታተልነው። ከዚያ ያገኘነውንና ስለ ኦቲዝም የሚታወቀውን አንድ ላይ አድርገን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ኦቲዝም ምንድን ነው? ኦቲዝም አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አእምሮው ከብዙዎቹ ሰዎች በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚታይ ሁኔታ ነው። ቃሉ የመጣው «ራስ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። በአሜሪካ አገር ይሠራ የነበረ ሌዎ ካነር የተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዐሥራ አንድ ልጆችን ተመልክቶ ስለዚህ ሁኔታ ጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ያህል ኦቲዝም ነበረበት። እንግዲህ ይህ ሁኔታ በየአገሩ አለ ማለት ነው። በገጠሩ ስሙ ስለማይታወቅ ብቻ የለም ይባላል።

ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጨርሶ አይናገርም። ሌላው ያለማቋረጥ ይናገራል፤ ግን ስለሚወደው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዱ ትምህርት ይከብደዋል፤ ሌላው ከክፍሉ አንደኛ ይወጣል። ብዙዎቹን የሚያመሳስላቸው የሰውን ስሜትና ሐሳብ ከፊቱ ማንበብ ይቸግራቸዋል፤ የለመዱት ነገር ሲለወጥ ይጨነቃሉ፤ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የልብስ መንካት ከሌላው ሰው ይበልጥ ሊረብሻቸው ይችላል። ለእኛ ተራ የሆነው የወፍጮ ጩኸት ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ጆሮውን እንደሚወጋ ሊሰማው ይችላል። ጆሮውን ይዞ ቢሮጥ እንግዲህ ምን ያስገርማል?

ይህ ነገር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቡዳ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። እናቱ በደንብ ስላላሳደገችው የመጣ አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ጠበቅ አድርገን የምንናገረው ብዙ እናቶች በጎረቤት ሐሜት ሲቃጠሉ ስላየን ነው። ክትባትም አያመጣውም። የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘም፤ ትምህርትና ልምምድ ግን የልጁን ኑሮ ይለውጣል። ልጃቸውን ጠበል የሚወስዱ ወላጆችን አንነቅፍም። ጸሎቱ ይቀጥል፤ ልጁን በገመድ ማሰሩ ግን ይቅር።

በአገራችን በዚህ ጉዳይ ፊት የቀደሙት ራሳቸው ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ገጠር ለሚኖር ሰው አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ይህን እናውቃለን። ስለዚህ በቤት ስለሚሠራው እንናገር።

ልጁ ጋሪ ከመንካቱ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚጥል በሽታ አለበት ወይ የሚለው ነው። ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌላው ሰው በዝቶ ይገኛል። ልጁ በድንገት የሚወድቅ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ለጥቂት ጊዜ ፈዝዞ የሚቀር ከሆነ ጋሪ አይነዳም፤ ወንዝ ዳርም ብቻውን አይሄድም። አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ለሚጥል በሽታ መድኃኒት አለ፤ ብዙ ሰዎችም በየቀኑ እየወሰዱት ከመውደቅ ድነዋል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስላሉ ወዴት እንደሚኬድ እነርሱን መጠየቅ ይቻላል። የእኛ ልጅ ይህ በሽታ አልነበረበትም።

ሁለተኛው ነገር እንስሳው ነው። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል። አህያ ግን ሲደነግጥ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ይቀራል። ይህ ባሕርይ ገበሬውን ያናድዳል፤ አህያ ግትር ነው ተብሎ የሚሰደበውም በዚህ ነው። ለጀማሪ ነጂ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። አባትየው መንገዱን የምታውቅ አንዲት አሮጊት አህያ መረጡ። ጎረምሳውን አህያ ለታላቅ ወንድሙ ተዉለት።

ቀጥሎ ያለው ማስተማሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አባትየው ተሳስተው ነበር፤ እኛም አብረን ተሳስተናል። ልጁን ጋሪው ላይ አስቀምጠን እንደ ማንኛውም ልጅ «ያዝ! ሳብ! አይ፣ እንዲህ አይደለም! ወደዚያ!» እያልን ጮኽንበት። ልጁም ጆሮውን ይዞ ከጋሪው ወረደና በረት ገብቶ ቁጭ አለ። ስድስት ቀን ጋሪውን አልነካም። አባትየው «በቃ፣ አይሆንለትም» አሉ። እናትየዋ ግን «አይ፣ እኔ እንጀራ መጋገር ሳስተምረው እንዲህ አላደረግሁም» አሉ።

እንጀራ መጋገር! ለካ ልጁ ይጋግር ኖሯል። እናትየዋ ያደረጉት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያስተማሩት የመጨረሻዋን ሥራ ብቻ ነበር፤ ይኸውም የበሰለውን እንጀራ በሰፌድ ማውጣት ነው። ሌላውን ሁሉ እርሳቸው ይሠራሉ፤ እርሱ ያወጣል። ያን ሲችል ክዳኑን መክፈት ተጨመረ። ከዚያ መክደን፣ በመጨረሻም ሊጡን ማዞር ተጨመረ። በዚህ ዓይነት በየቀኑ ሥራው በእርሱ እጅ ያልቃል፤ ደስታውም የእርሱ ይሆናል። ከኋላ ወደ ፊት ማስተማር ማለት ይህ ነው። ስለ ኦቲዝም የሚያስተምሩ ባለሙያዎችም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙበታል። እናትየዋ ግን ከማንም አልሰሙትም፤ እንጀራ እንዳይበላሽባቸው ሲሉ ራሳቸው ያገኙት ነው።

አህያዋን ከጋሪ ጋር መጥመድም እንደዚሁ ሆነ። ሥራው በአምስት ተከፈለ። ልባቡን ማጥለቅ፣ መደላድሉን መጫን፣ አህያዋን በጋሪው ሁለት እንጨቶች መካከል ማስገባት፣ ጠፍሩን ማሰር፣ ከዚያም ገመዱን ይዞ መቀመጥ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት የተማረው ገመዱን ይዞ መቀመጥን ብቻ ነው። ከዚያ ጠፍሩን ማሰር ተጨመረ። አምስቱም ሥራዎች በአንድ ካርቶን ላይ በሥዕል ተሥለው በረቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ሥዕሉን የሣለችው አምስተኛ ክፍል የምትማረው እኅቱ ናት። አህያዋን ከውሻ መለየት ቢያስቸግርም ልጁ ገብቶታል።

ትምህርቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሰው ተሰጠ። ጧት ከቁርስ በኋላ፣ እህል በሌለበት አውድማ ላይ፣ ከአባቱ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል ይለማመዳል። አባት ሲደክማቸው ታላቅ ወንድም ልተካ ቢል ልጁ እሺ አላለም። ከጊዜ በኋላ ግን ወንድሙም ቀስ በቀስ ገባ።

አሁን ስለ ቃላት እንናገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አማርኛችን ነገሩን ጠምዘዝ አድርጎ መናገር ይወዳል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል። አንድ ቀን ከኋላ አይሱዙ ሲመጣ አባትየው «ልቀቅ! መንገድ ልቀቅ!» አሉ። ልጁ የያዘውን ገመድ ለቀቀ። እግዚአብሔር ይመስገንና አህያዋ ቆመች። ልጁ አላጠፋም፤ ልቀቅ ተባለ፣ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ «መንገድ ልቀቅ» የሚለው ቃል ከዚያ ቤት ወጣ። በእርሱ ፈንታ «ቀኝ ዳር። ቁም።» ይባላል። እንዲሁም «ዓይንህን መንገዱ ላይ ጣል» ማለት ቀረ፤ «መንገዱን እይ» ይባላል። «አትሩጥ» ከማለት «ቀስ ብለህ ሂድ» ማለት ይሻላል፤ ልጁ የማያደርገውን ብቻ ሳይሆን የሚያደርገውን ማወቅ አለበትና። ትእዛዙም አንድ በአንድ ይሁን። አንድ ተናግሮ እስከ አምስት ድረስ በሆድ መቁጠርና መጠበቅ ያስፈልጋል። ልጁ የሚመልሰው ዘግይቶ ነው። ሳይጠብቁ ደግሞ መናገር በንግግሩ ላይ ንግግር መጫን ነው።

ስለ ድምፅም እንዲሁ ነው። የመኪና ጥሩምባ ልጁን ክፉኛ ያስደነግጠው ነበር። አባትየው ከአስፋልቱ መቶ እርምጃ ያህል ርቀው፣ ዛፍ ሥር አብረውት እየተቀመጡ መኪና ሲያልፍ ማየት ጀመሩ። ከሳምንት በኋላ ጥቂት ቀረቡ። ከዚያም ጥቂት። ወደ አንድ ወር ተኩል ፈጀ። ሥራ ፈት ሆኑ ያሏቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ልጁ ሲጨነቅና ሲጮኽ መምታት፣ መክበብ ወይም መጎተት ነገሩን ያብሰዋል። አህያዋን አቁሞ፣ ሰውን አርቆ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ያልፋል።

በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በቀኝ በኩል ነው። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር፤ ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። ጋሪም በቀኝ ዳር ይሄዳል። ለልጁ ይህን ለማስተማር ከጋሪው በቀኙ እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ። «ቀዩ ጨርቅ ወደ ዳር» የሚለው ሕግ አንዴ ከገባው በኋላ ልጁ አንድም ቀን አልተሳሳተም። እንዲያውም ታላቅ ወንድሙ በግራ ሲነዳ አይቶ ጋሪውን ካላዞርኩ ብሎ አስቸግሯል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የልጁ ጥንካሬ ሕግ መጠበቁ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ይህ ታየ። ልጁ ወደ ወፍጮ ሲሄድ አባትየው ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሆነው ይከተሉት ነበር። በመንገዱ ላይ አንድ ወንዝ አለ፤ በበጋ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ያን ዕለት ወንዙ ሞልቷል፤ ውኃው ደፍርሶ ያገሣል። ልጁ ግን እዚህ ቦታ እንደሚሻገር ተምሯልና ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው ነዳ። አህያዋ ቆመች። ልጁ ገመዱን ደጋግሞ መታ። አባትየው ሮጠው ሲደርሱ የጋሪው ጎማ ውኃ ነክቶ ነበር። ያን ዕለት ማታ አባትየው ሲነግሩን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መሻገርን አስተማርኩት፤ አለመሻገርን አላስተማርኩትም» አሉ።

ያልተጠበቀ ነገር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ሌላው ልጅ በግምት ይደርስበታል። ይህ ልጅ ግን እርሱንም መማር አለበት። ስለዚህ ለወንዙም ሕግ ወጣለት። አባትየው ውኃው ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ ተክለው በኖራ ቀቡት። የድንጋዩ ቁመት ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። ሕጉም «ነጩ ድንጋይ ከታየ ተሻገር፤ ካልታየ ወደ ቤት ተመለስ» የሚል ነው። በነሐሴ ልጁ ሁለት ጊዜ ከነእህሉ ተመለሰ። አንዱን ቀን ድንጋዩ የተሸፈነው በጎርፍ ሳይሆን ጎርፉ ባመጣው ቅጠል ነበር። ይሁን፤ በዚህ በኩል መሳሳቱን እንመርጣለን። ኖራው በየጊዜው መታደስ እንዳለበትም ከዚህ ተምረናል።

ከወንዙ በኋላ አባትየው ለውጥን ራሱን ማስተማር ያዙ። በሳምንት አንድ ቀን ሆን ብለው መንገዱ ላይ ቅርንጫፍ ይጥላሉ፤ ወይም አንድ ዘመድ መንገድ መሐል እንዲቆም ያደርጋሉ። በመጀመሪያ አስቀድመው «ዛሬ መንገዱ ይለወጣል» ብለው ይነግሩታል። ኋላ ሳይነግሩት ያደርጉታል። ለማያውቀው ነገር ሁሉ አንድ ሕግ ተሰጠው፦ «ቁም። ውረድ። አባባን ጥራ።» አባት በሌሉበት ደግሞ በእጅ ስልክ እንዲደውል ተለማመደ። ስልኩ ውስጥ ያለው የአባትየው ቁጥር ብቻ ነው።

የሌላውን ሰው ሐሳብ መገመት ግን እስካሁን አስቸጋሪው ነገር ነው። ባለመኪናው ሊያልፍ ነው ወይስ ሊቆም? ያ ሕፃን ሊሻገር ነው ወይስ ቆሞ ሊጫወት? እኛ ይህን ከሰውየው ፊትና አኳኋን እናነበዋለን። ልጁ ግን አያነበውም። ስለዚህ አይገምት፤ መኪና ከፊትም ሆነ ከኋላ ሲመጣ ቀኝ ዳር ይዞ ይቆማል፤ እስኪያልፍም ይጠብቃል። ገበያ ቀን አስፋልቱ ላይ አይወጣም። ከመሸ ጨርሶ አይነዳም። ጭነቱም የተወሰነ ነው፤ ስድስት ጀሪካን ውኃ። አንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ስለሚይዝ ውኃው ብቻ 120 ኪሎ ይመዝናል፤ ለአሮጊቷ አህያ ይህ ይበቃል። አንድ ጎረቤት ሰባተኛ ጀሪካን ሊጭኑበት ቢሞክሩ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ቢቆጡ ቢለምኑትም አልሰማቸው።

ልጁ ብቻውን የሚሄድበት ቀን የተወሰነው በአባት ፍርሃት ወይም በእናት ርኅራኄ አይደለም። አባትየው መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ጋሪው ላይ ከኋላው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ በሃያ እርምጃ፣ ከዚያም በመቶ እርምጃ ተከተሉ። በተከታታይ ዐሥር ጊዜ ያለ አንዳች ምክር ደርሶ ከተመለሰ ብቻውን ይሂድ ተባለ። ስምንት ላይ ደርሶ ተሳሳተ፤ እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ዐሥር የሞላው በጥቅምት ወር ነው። አሁን ከቤት እስከ ውኃው ቦታና እስከ ወፍጮው ብቻውን ይነዳል። ወደ ከተማ ግን አይነዳም፤ ምናልባትም ወደፊት አይነዳ ይሆናል።

ሁሉም ልጅ እዚህ ይደርሳል አንልም። አንዳንዱ ከአጠገቡ ሰው ሳይለየው ይነዳል። አንዳንዱ አህያ ያጠጣል፣ ይጭናል፣ ያራግፋል እንጂ ገመድ አይዝም። መኪና ባለበት አገርም ያው ነው። የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት ባደረጉትና በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት፣ የአእምሮ ዝግመት ከሌለባቸው ኦቲዝም ካለባቸው ወጣቶች መካከል መንጃ ፈቃድ ያወጡት ከሦስቱ አንዱ ያህል ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ፈቃድ ያገኙት ወጣቶች ከሌሎች ጀማሪ ነጂዎች ይበልጥ እንደማይጋጩ አሳይቷል። እንግዲህ የሚችለው ይችላል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ከመንገድ ይልቅ አባትየውን ያስቸገራቸው ሰው ነበር። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል፤ አንዳንድ ዐዋቂም ውኃ አስቀድቶ ገንዘቡን ይከለክለዋል። አባትየው እቁባቸው ላይና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው የልጁን ሁኔታ ለሰው አስረዱ። ዋጋው ለአንድ ጀሪካን አንድ ሆኖ ተወሰነ፤ ገንዘቡንም ልጁ በእጁ አይቀበልም፤ ጋሪው ላይ በተቸነከረችው ቆርቆሮ ውስጥ ይጣላል። ድንጋይ የሚወረውሩትን ልጆች ግን ያስተዋቸው ምክር አይደለም። ልጁ የተበላሸ የጋሪ ጎማ አስተካክሎ ሲያዞር አይተው መጡና አብረውት ያዩ ጀመር።

አባትየው ጽሕፈት የተማሩት በጎልማሳነታቸው ነው። በገዛ እጃቸው በአንድ ካርቶን ላይ የልጁን ስም፣ የራሳቸውን ስልክ፣ ከዚያም «ብዙ አልናገርም። እባካችሁ አትጩኹብኝ። አህያዋን አትምቱ» ብለው ጻፉና በላስቲክ ጠቅልለው ልጁ ኪስ ውስጥ አኖሩት። ማታ ሲመለስ ካርቶኑ ኪሱ ውስጥ አልነበረም። አህያዋ አንገት ላይ አስሮት ተገኘ። አባትየው ተቀምጠው ሁለተኛ ካርቶን ጻፉ።